በጉንጭ የተመዘነው አውሮፕላን

ስሜ ይርገዱ ነው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው በሚዛን ቤት መዝገብ ላይ ስለሌለ ነው። እዚያ መዝገብ ላይ፣ ስም በሚጻፍበት ቦታ፣ «ተራ ሰው» ተብሎ ነበር የተጻፈው። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ ያነበበልኝ አሁን ተቀምጦ ቃሌን የሚጽፍልኝ የማመልከቻ ጸሐፊ ነው። «እርግጠኛ ነህ?» አልኩት። «ሁለት ቃል ናት እኮ፣ ምኗ ይሳታል?» አለኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሰው ከነነፍሱ ገደል ያሻገርኩ ሴት፣ ተራ! የሽንኩርት ተራ አውቃለሁ፣ የአህያ ተራ አውቃለሁ፤ እኔ የምን ተራ እንደሆንኩ ግን አልጻፉም።

ያን ጊዜ ቃሉ ካልተሰረዘ ብዬ ሦስት ጊዜ ደጃቸው ሄጃለሁ፤ ሦስት ጊዜ በረኛው መልሶኛል። ባለፈው ሳምንት ሳልጠይቃቸው ሰረዙት። ይኸው ከተሰረዘ ወዲህ እህል አይወርድልኝም። ዛሬ ማክሰኞ ነው። ሐሙስ ልጄ ፋናዬ አርባ ሰው ይዛ ከዚህ አፋፍ ትነሳለች። ነገሩን ከሥሩ ካልነገርኩት አይገባም፤ ስለዚህ ከሥሩ ልጀምር።

ከተማችን ገደል አፋፍ ላይ ነው የተቀመጠችው። ወዲያ ማዶም ሌላ ከተማ አለ፤ ሲያስነጥሱ እንሰማቸዋለን፣ በእግር ግን የአምስት ቀን መንገድ ነው። ስለዚህ በአውሮፕላን እንሻገራለን። በእኔ ዘመን አውሮፕላኑ ባለገመድ ነበር። ገመዱ ከመሪው ዘንግ ተነስቶ ክንፉና ጭራው ድረስ ይሄዳል። እኔ ዘንጉን ስስብ ጭራው ይሳባል፤ ነፋስ ጭራውን ሲመታ ደግሞ ገመዱ ተመልሶ መዳፌን ይመታኛል። ከነፋሱ ጋር እጅ ለእጅ ተያይዘን ነው የኖርነው። ባሌ ሞቶ ዘንጉን ስይዝ ያስተማረኝ ሰው የለም፤ የማውቀውን ሁሉ የማውቀው በመዳፌ ነው።

ከምሳ በኋላ ከገደሉ ሥር የምትነሳ ነፋስ አለች። «አማት» እንላታለን፤ ሳትጠራ ስለምትመጣና የቤቱን ዕቃ ሁሉ ስለምታነሳ። አማት ስትመጣ እኔ ይርገዱ አውሮፕላኑን በአራት ችካል አስሬ ቤቴ እገባ ነበር። ድፍረት ሌላ፣ አማት ሌላ።

ሚዛን ቤት የሚሉት መሥሪያ ቤት ሥራው አዲስ አውሮፕላን ሰው ከመጫኑ በፊት ለአብራሪ እጅ ይመቻል አይመችም ብሎ መፍረድ ነው። የሚፈርደው በውሃ ነው። ሞካሪው ሊነሳ ሲል አንድ ጉንጭ ውሃ ይይዛል። አይውጥም፣ አይተፋም። በርሮ ሲመለስ የያዘውን ጽዋ ውስጥ ይተፋል። ጽዋው አሥር ጭረት አለው። ውሃው አሥረኛው ላይ ከደረሰ አውሮፕላኑ ሸጋ ነው፤ አምስት ከሆነ ይጠገናል፤ ከሦስት በታች ከሆነ ለቆርቆሮ ቀጥቃጭ ይሰጣል። ድሮ ነገሩ ዘዴ ነበረው። የደነገጠ ሰው ይውጣል፣ የታገለ ሰው ያንጠባጥባል፣ የተመቸው ሰው እንደያዘ ይመለሳል። መጀመሪያ ያሰበው ሰው ሞኝ አልነበረም። ሞኞቹ ኋላ የመጡት ናቸው።

እነሱ አውሮፕላን መምረጡን ትተው ውሃ የሚይዝ ሰው መምረጥ ያዙ። ዛሬ ሞካሪ ሲቀጠር ጉንጩ በክር ይለካል። አሥራ ሁለት ሞካሪ አላቸው፤ አሥራ ሁለቱም ቆመው ሲታዩ ጥሩምባ ሊነፉ የተዘጋጁ ይመስላሉ። ከእነሱ አንዱማ ከያዘው በላይ መልሷል። ጽዋው ሞልቶ ፈሰሰ። አስመልሶት ነው፤ ሜዳው ላይ የነበረ ሰው ሁሉ ሽታውን ያውቀዋል። በመዝገቡ ግን «ከአሥር አሥራ አንድ» ተብሎ ገባ፤ ሜዳሊያም ተንጠለጠለለት። እስከ ዛሬ ያደርገዋል።

ባለሽቦው አውሮፕላን የመጣው አምና ነው። ገመድ የለውም። ከዘንጉ የሚነሳው ፀጉር የምታህል ሽቦ ናት፤ የምትሄደውም ወደ ክንፉ ሳይሆን ከወንበሩ ኋላ ወዳለ የተቆለፈ ሣጥን ነው። ሣጥኑን «አስተዋይ» ብለው ሰይመውታል። አሥራ ሁለቱ ሞካሪዎች በየተራ ሞከሩት። ሁልጊዜ ከጧቱ በአንድ ሰዓት፣ ሁልጊዜ ከፍ ብለው፣ ሁልጊዜ የሜዳው ባንዲራ ተኝቶ። የሚዛን ቤት ደንብ «ባንዲራው ሲውለበለብ ከታየ አይሞከርም» ይላልና። አሥራ ሁለት ሙሉ ጽዋ መለሱ።

የቀረው አንድ ነገር ነበር። ሕጉ እንዲህ ይላል፤ በቃሌ ይዤዋለሁ፦ «አውሮፕላን ልዩ ጥበብ፣ ልዩ ጉልበት፣ ልዩ ንቃት ሳይጠይቅ በተራ ሰው እጅ መብረር አለበት።» ጥሩ ሕግ ነው። ያወጡት ሰዎች አንድ የሚወዱት ሰው ሞቶባቸው ይሆናል። እንግዲህ ተራ ሰው ፍለጋ ከተማውን አሰሱ፤ የተገኘሁት እኔ ነኝ።

የሚዛን ቤት አለቃ ሊቀ ሚዛን ጎሹ ይባላል። ቤቴ ድረስ መጣ። ሲናገር እጁን ሆዱ ላይ ያሳርፋል፤ ሆዱ ንግግሩን እንዳያቋርጠው ይመስለኛል።

«እማማ፣ እርስዎን የመረጥንበት ምክንያት...»

«እማማ አይበሉኝ። ብወልድዎ ኖሮ ይህን ያህል አያወሩም ነበር።» ያን ጊዜ ገና አንቱ እለው ነበር።

«እሺ፣ ወይዘሮ ይርገዱ። የመረጥንዎ ከሌላው የሚለዩበት ነገር ስለሌለ ነው።»

«ሠላሳ አንድ ዓመት ያበረርኩትስ?»

«እሱ በገመድ ነው። ገመድ አይቆጠርም።»

ከቤቴ ላስወጣው ነበር። እሺ ያልኩት በፋናዬ ምክንያት ነው። ፋናዬ አንድ ልጄ ናት። በረራ የተማረችው በሚዛን ቤት ትምህርት ቤት ነው፤ መሬት ላይ በተተከለ ወንበር ተቀምጣ፣ ሣጥኑ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ። አንደኛ ወጣች። በመሻገር በዓል ዕለት ባለሽቦው የመጀመሪያዎቹን አርባ ሰዎች ሲያሻግር አብራሪዋ እሷ እንድትሆን ተመረጠች። እኔም ልጄ የምትቀመጥበትን ወንበር አስቀድሜ ልቀመጥበት አልኩ። ዶሮ እንኳ ለጫጩቷ እህሉን አስቀድማ ትቀምሳለች።

ሣጥኑን የሠራው መርዕድ የሚባል ሽቦኛ ነው። ቀጭን፣ ትሑት፣ የሰው ዓይን ቀና ብሎ የማያይ ሰው። ከምዘናው በፊት ወንበሩ ላይ አስቀምጦ አስረዳኝ።

«ዘንጉን ሲያዘነብሉ ለአውሮፕላኑ አይደለም የሚነግሩት። ለሣጥኑ ነው። ሣጥኑ ያስብበትና ክንፉን ያዛል።»

«ስንት ያስባል?»

«የዓይን ጥቅሻ ያህል።»

«የማን ዓይን? የእኔ ዓይን ነው ወይስ የዔሊ?»

ፈገግ አለ። «ደግሞ አደጋ ያለው ነገር ቢያዙት እንቢ ይላል።»

«እኔ ዘንጉን ይዤ እሱ እንቢ ይላል?»

«ለእርስዎው ደህንነት ነው።»

«ባሌም እንዲሁ ነበር የሚለኝ» አልኩት።

ዘንጉን ያዝኩት። ቀላል ነው፤ በሁለት ጣት ይዞራል። ግን ምንም አይልም። ሠላሳ አንድ ዓመት ሲጨብጠኝ የኖረ እጅ የለም። አንድ ጊዜ የባሌን እጅ እንዲህ ይዤው አውቃለሁ፤ ገንዘን ልንሸኘው ስንል።

የምዘናው ቀን ከጧቱ በአንድ ሰዓት ሜዳው ላይ ነበርኩ። ነፋስ የለም፣ ባንዲራው የለም። ባንዲራው የሌለው ለበዓሉ ሊታጠብ ስለተወሰደ ነው። ውሃውም የለም። የምዘናው ውሃ ከአንድ ምንጭ ብቻ ይቀዳል፣ ማሰሮውም ማኅተም ሳያርፍበት አይከፈትም፤ ማኅተም ያዡ ለቅሶ ሄዷል። ሰው ተላከ። ማኅተም ያዡ እዝኑን ሳይቀምስ አልነሳም አለ። ሁለት ሰዓት፣ አራት ሰዓት፣ ስድስት ሰዓት። ሊቀ ሚዛን ጎሹ ጥላ ውስጥ ምሳውን በላ። ማኅተሙ ስምንት ሰዓት ሲሆን ደረሰ።

ሻሼን ከራሴ ላይ ልትወስድ የምትታገለኝ ነገር ነበረች።

«አማት ተነስታለች» አልኩት። «ለነገ ይደር።»

ሊቀ ሚዛን ወደ ባንዲራው ምሰሶ አየ። ባዶ ምሰሶ ነው። የደንቡን መጽሐፍ ገለጠ፤ ገጹ ከእጁ እያመለጠ አስቸገረው።

«ሲውለበለብ ከታየ ነው የሚለው። ታይቷል?»

«ባንዲራው የለም እኮ!»

«ካልታየ ተኝቷል ማለት ነው» አለኝ፤ ባርኔጣውን በሁለት እጁ ራሱ ላይ ተጭኖ።

ልመልስለት አፌን ስከፍት ውሃውን አጎረሱኝ። ውሃ የያዘ አፍ አይከራከርም። የዚህ ምዘና ትልቁ ጥበብ ይህ እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ።

ተነሳሁ። እውነቱን ልናገር፣ ከፍ ብሎ ሲበር ሸጋ ነው። ወደ ቀኝ ስለው ቀኝ፣ ወደ ግራ ስለው ግራ፤ ለስለስ ብሎ፣ እንደተገራ በቅሎ። ወዲያ ማዶ ደርሼ ዞርኩ። ጉንጬ ሙሉ ነው። ልቤም ትንሽ ሞላ፤ ልጄ በዚህ ብትሄድ አትቸገርም አልኩ። ያ አሥራ ሁለቱ ያዩት ነው። አሥራ ሁለቱ ያዩትን እኔም አየሁ።

ከዚያ ለማረፍ ወረድኩ።

ሜዳችን የሚጀምረው አፋፉ ላይ ነው። አፋፉ ልንደርስ የሁለት ቤት ቁመት ሲቀረን አማት ከሥር መጥታ ቀኝ ክንፌን መታችው። በገመዱ ዘመን ይህን መዳፌ ከክንፉ ቀድሞ ያውቀው ነበር። አሁን ያወቅሁት ዓይኔ አድማሱን ጠማማ ሲያይ ነው። ዘንጉን ወደ ግራ አልኩት። ምንም የለም። ሣጥኑ ያስባል። ጨመርኩ። አሁንም ያስባል። አጥብቄ ጨመርኩ። ይሄኔ የመጀመሪያው ትእዛዜም፣ ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም ባንድ ላይ ደረሱት፤ አውሮፕላኑ በግራ ክንፉ ተገለበጠ። በጎን መስኮቴ ሰማይ የነበረበት ቦታ ገደል ሆነ። የገደሉን ታች አየሁት። ታች ያለው ወንዝ እንደ ክር ነው።

ወደ ቀኝ አልኩት። ምንም የለም። ጨመርኩ። ደረሰው። ወደ ቀኝ ተወረወርን፤ ከፊተኛው የባሰ። ጠባብ መንገድ ላይ ሁለት ሰው ተገናኝተው አንዱ ለአንዱ ልልቀቅ ሲል ሁለቱም ወደ አንድ ወገን የሚሉት ነገር አለ አይደል? እኔና ሣጥኑ እንደዚያ ነበርን፤ ልዩነቱ መንገዱ አየር መሆኑ ነው። እሱ የእኔን ፍርሃት እየታዘዘ ነው። እኔ ስፈራ እሱ ይታዘዛል፣ እሱ ሲታዘዝ እኔ ይብስ እፈራለሁ። አራት ጊዜ ተወዛወዝን። በአራተኛው የክንፉ ጫፍ የአፋፉን ቁጥቋጦ ሲያጭድ ሰማሁት። ውሃውን የዋጥኩት የቱ ላይ እንደሆነ አላውቅም። ፋናዬን አሰብኩ። ራሴን ሳይሆን እሷን፣ እዚህ ወንበር ላይ፣ ከኋላዋ አርባ ሰው ሲጮህ።

ከዚያ ዘንጉን ለቀቅሁት። ለምን እንደለቀቅሁት ኋላ እናገራለሁ። እጄ ሲለቀው ሣጥኑ የሚታዘዘው ፍርሃት አጣ። ክንፉ ቀና አለ። ሜዳው ከሆዳችን ሥር መጣ፣ መታን፣ አነጠረን፣ ደግሞ መታን። ሞተሩን አጠፋሁ።

ወርጄ ሣሩ ላይ ተዘረፈጥኩ። የሚዛን ቤቱ ጸሐፊ ጽዋውን ይዞ አፌ ሥር ደቀነ።

«ይትፉ።»

«የለም።»

«እንዴት የለም? ትንሽም ቢሆን።»

ጽዋውን አዘንብሎ አየ። ገለበጠው። ለሊቀ ሚዛን አሳየው። አሥር ጭረት አለ፤ ለባዶ የተጫረ ጭረት የለም። ተማከሩ፣ መጽሐፉን ገለጡ፣ ከዚያ ሊቀ ሚዛን እንዲህ ሲል አስጻፈ፦ «ውሃ ካልተመለሰ ውሃ አልተወሰደም። ውሃ ካልተወሰደ ሞካሪ አልተነሳም። ሞካሪ ካልተነሳ በረራ አልነበረም።»

«እኔስ?» አልኩ ከመሬት።

«እርስዎ ሜዳ ላይ ነዎት» አለ ጸሐፊው። እውነቱን ነው፤ ሜዳ ላይ ነበርኩ።

መርዕድ ቆሞ የክንፉን ጫፍ ያያል። ቅጠል ተሰክቶበታል። ቅጠሉን ነቅሎ ኪሱ ከተተው።

«አይተሃል» አልኩት።

«ሣጥኑ... ሣጥኑ ያልደነገጠ እጅ ነው የለመደው፣ እማማ። እጅ ካልደነገጠ ምንም አይሆንም።»

«ተራ ሰው አይደነግጥም?»

የሰው ዓይን ቀና ብሎ የማያይ መሆኑን ነግሬያችኋለሁ። ያን ቀን ደግሞ ጭራሽ ጀርባውን ሰጠኝ።

አሁን የራሴን ጥፋት ልናገር። ከተማው ሁሉ አፋፉ ላይ የሆነውን አይቷል፤ በማግስቱ ገበያ ስወጣ ከበቡኝ። «እትዬ ይርገዱ፣ እንዴት ተረፍሽ?» አሉኝ። ከአምና ጀምሮ ማንም ምንም ጠይቆኝ አያውቅም። ገመዱ ከቀረ ወዲህ ሰላምታ እንኳ በሩቁ ነው። እኔም ደረቴን ነፋሁ። «አውሬውን ገራሁት» አልኩ። «ሌላ ሰው ቢሆን ይሄኔ አሞራ ይለቅመው ነበር። ዘንግ መቼ እንደሚያዝ ሁሉም ያውቃል፣ መቼ እንደሚለቀቅ የሚያውቅ ግን ይርገዱ ብቻ ናት!» አጨበጨቡልኝ። በማግስቱም አልኩት። በሦስተኛው ቀን ደግሞ እጄን እያወናጨፍኩ አሳየኋቸው።

ከአፍ የወጣ አፋፍ ይባላል። ከእኔ አፍ የወጣው አፋፍ ላይ አልቀረም፤ ሚዛን ቤት ገባ።

ጠሩኝ። ሊቀ ሚዛን ብድግ ብሎ ተቀበለኝ፣ ወንበር ሰጠኝ፣ «እናታችን» አለኝ። ከዚያ «በረራ አልነበረም» ያለውን ትቶ አዲስ ውሳኔ አነበበልኝ። ሕጉ አውሮፕላኑ በተራ ሰው እጅ ይሞከር ይላል። ወይዘሮ ይርገዱ ግን ሌላ ሰው በማይተርፍበት ቦታ ስለተረፉ፣ ልዩ ጥበብ እንዳላቸውም በገዛ አንደበታቸው በገበያ ስለመሰከሩ፣ ተራ ሰው አይደሉም። ስለዚህ ባለሽቦው አውሮፕላን ላይ እስከ ዛሬ የተቸገረ አንድም ተራ ሰው የለም። ማኅተም አረፈበት።

ትንሽ ቆይቶ ነው የገባኝ። «ቆይ» አልኩት፣ «ገደል ብገባ ኖሮ ተራ ነበርኩ?»

«በእርግጥ።»

«አውሮፕላኑም ይከለከል ነበር?»

«ያለ ጥርጥር። ሕግ ሕግ ነው።»

«ስለተረፍኩ ግን ልጄ ትነሳለች።»

«በእርስዎ ኩራት ነው የሚሰማን፣ እናታችን» አለና እጁን ሆዱ ላይ መለሰ። ከዚያ ቀን ወዲህ አንቱ አልለውም።

የበዓሉን ፕሮግራም ሰው አነበበልኝ። ከሦስት ሰዓት ጀምሮ ሰባት ንግግር አለ። ሰባተኛው የሊቀ ሚዛን ነው፤ «ውሃ በታሪካችን» ይባላል። ከዚያ ምሳ። ከዚያ፣ በስምንት ሰዓት፣ በረራ። ከምሳ በኋላ! ጧት ያለውን ጸጥታ ሁሉ በንግግር ይጨርሱና ልጄን ለአማት ያስረክቧታል። ባንዲራውስ ብላችሁ እንደሆነ፣ ያን ዕለት ባንዲራው የክብር መድረኩ ላይ በጠርዙ ሁሉ በሚስማር ስለሚመታ አይውለበለብም።

ትናንት ፋናዬ ጫማዋን ስትጠርግ ጎኗ ተቀመጥኩ።

«ከምሳ በፊት ተነሺ።»

«ፕሮግራሙ ታትሟል እኮ፣ እማዬ።»

«አማት ፕሮግራም አታነብም።»

«ሣጥኑ ይጠብቀኛል።»

«ሣጥን የሚጠብቀው ጋቢ ነው፣ ከብል።»

ሳቀች። እንደ አባቷ ነው የምትስቀው፤ መጀመሪያ ትከሻዋ፣ ቀጥሎ አፏ። የጫማውን ብሩሽ ከእጇ ወሰድኩ።

«ስሚኝ። ሲወዛወዝብሽ ዘንጉን ልቀቂው።»

«መልቀቅማ ክልክል ነው። ትምህርት ቤት ውስጥ ዘንግ የለቀቀ ሰው ውሃው ይደፋበታል፣ ይባረራል። ደግሞ አንቺ የለቀቅሽው መቼ እንደሚለቀቅ ስለምታውቂ ነው። ገበያው ሁሉ የሚያወራው እሱን አይደል? እኔ እንዳንቺ አይደለሁም፣ እማዬ። እኔ ተራ ነኝ። ሣጥኑ የተሠራው ለእንደኔ ዓይነቱ ነው።»

አፌን ከፈትኩ። እውነቱ ምላሴ ላይ ነበር። ውሃ የያዝኩ ይመስል ቃል አልወጣኝም። ልጄ ፊት ልዩ ሆኜ መቅረት ፈለግሁ፤ ይህን ስናገር ፊቴ ይቃጠላል። ብሩሹን መለስኩላት። ጫማዋን ጠርጋ ጨረሰች።

ለዚህ ነው ዛሬ ማለዳ እዚህ ማመልከቻ ጸሐፊው ዘንድ የተቀመጥኩት። «ለክቡር ሊቀ ሚዛን» ብሎ ጀምሮ ነበር፤ አሰረዝኩት። «እርስዎ» ብሎ ጽፎ ነበር፤ እሱንም አሰረዝኩት። አሁን እንደነገርኩት ነው የሚጽፈው።

ስማኝ ጎሹ። ዘንጉን የለቀቅሁት በጥበብ አይደለም። መዳፌ የነገረኝ ነገር የለም፤ ያንተ ዘንግ ለመዳፍ አይናገርም። ገደሉ በመስኮቴ ሲመጣ ላላየው ብዬ ነው የለቀቅሁት። ፊቴን በሁለት እጄ ሸፈንኩ። ሰባ ዓመት የሞላኝ ሴት፣ እንደ ሕፃን፣ ካላየሁት አያየኝም ብዬ። የተረፍኩት እጄ ሌላ ሥራ ስለነበረው ነው። ገበያ ላይ ያወራሁት ውሸት ነው። ደግሞ ያን ቀን የፈሰሰኝ የጉንጬ ውሃ ብቻ አልነበረም፤ ጽዋህ የማይለካው ውሃም ፈሶኛል፤ ሣሩ ላይ ተዘርፍጬ የቀረሁት ቀሚሴ እንዳይታይ ነው። ይህን እናቴም አልሰማችም፣ ልጄም አልሰማችም። አንተ ስማው። በበዓሉ መድረክ በድምፅ ማጉያ አንብበው። ገበያ ላይ አስለጥፈው። ፋናዬም ትስማው፤ ከእኔ አፍ ሊወጣ አልቻለምና ካንተ አፍ ትስማው።

በበዓሉ ዕለት ከልጄ ጎን ለተራ ሰው ተብሎ የተተወ ወንበር አለ፤ ባዶ ሆኖ ይሄዳል አሉኝ። አንድ ጉንጭ ውሃ ይዘህ ተቀመጥበት፣ ተራው ያንተ ነው ልልህ አስቤ ነበር። ተውኩት። ከልጄና ከአርባው ሌላ አንድ ሰው መጨመር ከዚያ አፋፍ ላይ ይበዛል፣ አንተም ብትሆን።

የምጠይቅህ ከዚህ ያነሰ ነው። ስሜን አልጠይቅህም፤ ቀርቶብኛል። ብዕርህን አንሳ። «ልዩ» ያልክበትን ሰርዝና የሰረዝከውን መልስ። ከሥሩ «ፈራች» ብለህ ጨምር። ከዚያ ሕግህን አንብበው፤ አንተ ማቆም ባትችል እሱ ያቆመዋል።

ሐሙስ ሳይደርስ ተራ ሰው ብለህ ጻፈኝ።